መጀመሪያ ማቆሚያው፣ ቀጥሎ ታሪፉ

በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ሁሉ ገመዱን ያውቀዋል። በከተማው መግቢያ ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው ተወጥሮ ይጠብቃል። ከገመዱ ጫፍ አንድ ወጣት ደረሰኝ ይዞ ይቆማል። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ብር ይሰጣል፤ ገመዱ ይረግባል፤ መኪናው ያልፋል። ደረሰኙ አንዳንዴ «የመኪና ማቆሚያ»፣ አንዳንዴ «ኮቴ»፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ «የአገልግሎት ክፍያ» ይላል። አንዳንዴም ደረሰኝ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም።

መኪናው ግን አላደረም፤ አልዋለም፤ ዕቃም አላራገፈም። «የማቆሚያ» ተብሎ የተከፈለበት መኪና የቆመው ለመክፈል ብቻ ነው።

የከተማ ምክር ቤቶች የማቆሚያ ታሪፍ «ተከልሶ ይሻሻል» የሚል አጀንዳ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ስንት ይጨመር ከማለት በፊት፣ የሚሸጠው ምንድን ነው? ጥያቄው ለአዲስ አበባም ይሠራል፤ ለሐዋሳም ይሠራል። እንደ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ቦንጋ ላሉ የቡና ከተሞች ግን ከሁሉም በላይ የኑሮ ጥያቄ ነው። በእነዚህ ከተሞች መንገድ የሚያልፈው ጭነት በአብዛኛው የገበሬው ቡና ነውና።

*ጭማሪውን የሚደግፉት ምን ይላሉ?*

ታሪፍ ይጨመር የሚሉት ወገኖች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ክርክራቸውን በአግባቡ መስማት ያስፈልጋል።

አንደኛው ክርክር የገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ሲሚንቶ ጨምሯል፤ ነዳጅ ጨምሯል፤ የቆሻሻ መኪና ጎማ ጨምሯል። ከዚያ በፊት የወጣ ታሪፍ ያኔ የገዛውን ዛሬ አይገዛም። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ መንገድ ጠግን፣ ቦይ ጥረግ፣ መብራት አብራ እየተባለ በየቀኑ ይጠየቃል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ሁለተኛው ክርክር የቦታ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት አራት ከተሞች የክልል ማዕከልነትን ተካፈሉ፦ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ታርጫ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመጣ ቁጥር መኪና ይመጣል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶቹን በሚዛንና በቴፒ ዘርግቷል። በእንደዚህ ዓይነት ከተማ ዋና መንገድ ላይ ባጃጁም፣ ሞተሩም፣ አይሱዙውም፣ የጉልት ቸርቻሪዋም፣ ተማሪውም አንድ አስፋልት ይሻማሉ። ጠዋት አንድ ሱቅ ፊት ለፊት የቆመ መኪና እስከ ማታ ካልተነሣ፣ ለሌላው ሰው ቦታ የለም።

ሁለቱም ክርክሮች እውነት አላቸው። «መንገድ የሕዝብ ነው፤ በነጻ ይቁም» የሚለው መልስ ለጆሮ ይጥማል እንጂ ከተማ አያስተዳድርም። በነጻ የሚገኝ ቦታ ቀድሞ የደረሰ ሰው ርስት ይሆናል። መኪና ያለው ሰው መኪና የሌለውን ሕዝብ መሬት ቀኑን ሙሉ ያለ ኪራይ ይይዛል። ስለዚህ የማቆሚያ ክፍያ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጨርሶ አለመኖሩ ነው ግፍ የሚሆነው።

ታዲያ ጠቡ የት ላይ ነው? ጠቡ ያለው የማቆሚያ ክፍያ ተብሎ የሚሰበሰበው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የማቆሚያ ክፍያ ባለመሆኑ ላይ ነው።

*ሰዓት የሚሸጥ ማሽን*

የማቆሚያ ክፍያ ለምን እንደተፈጠረ ማስታወስ ይጠቅማል። በዓለም የመጀመሪያው የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪ የተተከለው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1935 በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ካርል ማጊ የሚባል የጋዜጣ ሰው ነበር። የከተማዋ ችግር ግልጽ ነበር። መሀል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት መኪናቸውን ሱቅ ፊት ለፊት ያቆማሉ፤ ማታ ይወስዳሉ። ገዢ ቢመጣ ማቆሚያ ያጣል። ቆጣሪው በሰዓት 5 ሳንቲም ያስከፍል ጀመር። ዋናው ነገር ሳንቲሟ አልነበረችም፤ ሰዓቷ ነበረች። የቆየ ይከፍላል፤ ጉዳዩን ጨርሶ የሄደ ለሌላው ቦታ ይለቅቃል።

የሎስ አንጀለሱ ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ፣ ነጻ ማቆሚያ ለከተማ ምን ያህል ውድ እንደሆነ አሳየ። ዋጋ ይኑር ብሎ የተከራከረ ሰው ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር አብሮ ጠየቀ። ዋጋው በእያንዳንዱ መንገድ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት ሆኖ እንዲገኝ የሚያስችል ይሁን፤ ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም አይሁን። የተሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ ወደዚያው መንገድ ይመለስ፤ ከፋዩ በዓይኑ ይየው።

ይህን በተግባር ካሳዩት አንዷ በካሊፎርኒያ የምትገኘው የፓሳዴና ከተማ ናት። አሮጌው የንግድ ሰፈሯ ተጎሳቁሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ቆጣሪ ሲተከል ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ተቃወሙ። ገንዘቡ ለእግረኛ መንገዱ፣ ለመብራቱና ለጽዳቱ እዚያው እንደሚውል ስምምነት ሲደረስ ግን ተቀበሉ። ሰፈሩም አንሰራራ። ነጋዴዎቹ ሐሳባቸውን የቀየሩት ዋጋው ስለረከሰ አይደለም። የከፈሉበትን ስላዩ ነው።

እንግዲህ መለኪያው ይኸው ነው። የማቆሚያ ክፍያ ቦታና ሰዓት ይሸጣል። ቦታ ያልሰጠ፣ ሰዓት ያልቆጠረ ክፍያ ሌላ ስም ይፈለግለት።

*ሦስት ክፍያ፣ አንድ ገመድ*

ስሙ ደግሞ አዲስ አይደለም። «ኮቴ» የከብት፣ የፈረስና የበቅሎ እግር ነው። ጭነት በእንስሳ ጀርባ በሚጓዝበት ዘመን፣ የነጋዴ ቅፍለት ከአንዱ ገዢ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር በየኬላው ይቆም ነበር። በየበሩ ይቆጠራል፤ በየበሩ ይከፍላል። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ገበያ ሳይደርስ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። በቅሎዋ ከዋናው መንገድ ወጣች፤ አይሱዙ ተተካ። ኮቴው ግን አልወጣም። ጎማ ላይ ተለጠፈ።

ዛሬ በአንድ ገመድ ሥር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ይሰበሰባሉ።

የመጀመሪያው እውነተኛ የማቆሚያ ክፍያ ነው። መኪናው ከተማ ውስጥ ቆሟል፤ ቦታ ይዟል፤ ይከፍላል። ይህ ትክክል ነው።

ሁለተኛው የመጫኛና የማራገፊያ ክፍያ ነው። መኪናው ገበያ ገብቶ ጭነት ያወርዳል፤ መንገድ ይዘጋል፤ ቆሻሻ ይተዋል፤ ይከፍላል። ይህም ልክ ከተበጀለት ያስኬዳል።

ሦስተኛው የማለፊያ ክፍያ ነው። መኪናው አልቆመም፤ አልጫነም፤ አላራገፈም። በከተማዋ በኩል አለፈ፤ ያለፈበትም መንገድ ብዙውን ጊዜ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የተሠራ ዋና መንገድ ነው። ከተማዋ የሰጠችው ነገር የለም። ይህ ክፍያ በአማርኛ ስም አለው፦ ኬላ። ምሳሌም አለው፦ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

አደጋው ሦስቱ ሲደባለቁ ነው። የምክር ቤት አባላት ፊት የሚቀርበው ሰነድ «የመኪና ማቆሚያ ታሪፍ ማሻሻያ» ይላል። አባላቱ መሀል ከተማ ያለውን መጨናነቅ እያሰቡ እጃቸውን ያወጣሉ። ገመዱ ጋ ሲደርስ ግን የጨመረው የማለፊያው ክፍያ ይሆናል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው፣ የተጨናነቀችው ከተማ ሳትተነፍስ ያለፈው መኪና ብቻ ተጠልፎ ይቀራል።

ማንኛውም ሰው ልዩነቱን በአንድ ጥያቄ መለየት ይችላል። መኪናው ከአምስት ደቂቃ በላይ ባይቆምስ ይከፍል ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ያ ማቆሚያ አይደለም።

*ሲወጣ ገበሬው፣ ሲገባ ሸማቹ*

«ለአንድ ትልቅ መኪና ጥቂት መቶ ብር ምን አላት?» የሚል መልስ ይመጣል። ከባለመኪናው ኪስ የሚወጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሒሳቡን ደረጃ በደረጃ ማየት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ቡና ጭኖ ከቴፒ ወይም ከሚዛን ተነሣ እንበል። በቦንጋና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በመንገዱ በአምስት ቦታ ሁለት ሁለት መቶ ብር ቢከፍል 1,000 ብር ሆነ። በኩንታል 20 ብር ነው። በኪሎ 20 ሳንቲም ነው። በእርግጥ ትንሽ ይመስላል።

ነገር ግን ይህ ቡና ከዚያ በፊት ሌላ ጉዞ ነበረው። ገበሬው የለቀመው እሸት ወይም ያደረቀው ጀንፈል ከቀበሌው በባጃጅ፣ በሞተር ወይም በአሮጌ ፒክአፕ ወደ መፈልፈያው መጥቷል። እዚያም ገመድ ካለ ተከፍሏል። ከመፈልፈያው ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ አዲስ አበባ፤ አንዱ ቡና በስንት ስም ይከፍላል?

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ይህን ገንዘብ በመጨረሻ የሚከፍለው ማነው?

የቡና ዋጋ የሚወሰነው ሚዛን ላይ አይደለም፤ አዲስ አበባም አይደለም። የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ የሚቆረጠው ኒውዮርክ በሚገኘው ገበያ ነው። ላኪው ለጀርመን ወይም ለሳዑዲ ገዢ «በመንገድ ላይ አምስት ቦታ ኮቴ ከፍያለሁና ጨምርልኝ» ሊል አይችልም። ቢል የሚሰማው የለም፤ ገዢው ከብራዚል ወይም ከኡጋንዳ ይገዛል። ስለዚህ ላኪው ወጪውን ወደ ፊት መግፋት አይችልም። ወደ ኋላ ይገፋዋል። ለአቅራቢው በሚከፍለው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። አቅራቢው ለሰብሳቢው ይቀንሳል። ሰብሳቢው ለገበሬው ይቀንሳል። ከገበሬው ጀርባ የሚገፋበት ሰው የለም።

በየኪ፣ በሸኮ፣ በጉራፈርዳ ያለ ገበሬ ገመዱን በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ሚዛን ላይ ቁጭ ብሎ ቡናው ሲመዘን ግን በዋጋው ውስጥ አለች፤ ከኪሎው ላይ ተቀንሳለች።

መኪናው ሲመለስ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ ይጭናል። በዚህ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። የሚዛን ሱቅ ባለቤት የመንገዱን ወጪ ዕቃው ላይ ይጨምረዋል፤ ሸማቹ ሌላ ምርጫ ስለሌለው ይከፍላል። ከመሀል አገር ርቆ መኖር በራሱ ዋጋ ያስወድዳል፤ ገመዱ በዚያ ላይ ይደረባል።

ስለዚህ የቡና አገር ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የራሱ ምርት ሲወጣ ይቀነስበታል፤ የሰው ምርት ሲገባ ይጨመርበታል። ያውም አብዛኛው መኪና የለውም። መኪና የሌለው ሕዝብ የመኪና ማቆሚያ የሚከፍልበት አገር ማለት ይህ ነው።

ገንዘቡን ብቻ ቆጥሮ መተውም አይቻልም። ገመድ ባለበት ሰልፍ አለ፤ ሰልፍ ባለበት ጭቅጭቅ አለ፤ ጭቅጭቅ ባለበት ደረሰኝ የሌለው ብር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ደቡብ ምዕራብ ዝናባማ አገር ነው። ሳይደርቅ የተጫነ ወይም ሸራው ያፈሰሰበት ቡና በየቦታው በዘገየ ቁጥር ጥራቱ ይጎዳል። ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ይህን ገንዘብ የሚያመጣ ምርት በገመድ የሚቆም ከሆነ ከተማዋ ያገኘችውና አገሪቱ ያጣችው አይመጣጠንም።

*የባጃጁ ነገር*

በከተማ ውስጥ ያለው ክፍያ ደግሞ የራሱ መልክ አለው። በእንደነዚህ ያሉ ከተሞች የሕዝብ ትራንስፖርት ማለት በአብዛኛው ባጃጅ ነው። ሚዛን ተፈሪና አማን አንድ ከተማ ከተባሉ በኋላ በሁለቱ መካከል ሕዝቡን የሚያመላልሰው እሱ ነው። ነፍሰ ጡሯን ሆስፒታል የሚያደርሳት እሱ ነው።

ባጃጅ በባሕርይው አይቆምም፤ ቆሞ ከዋለ ልጆቹን አያበላም። ለአንድ ሰው ማውረጃ አንድ ደቂቃ ይቆማል፤ ይሄዳል። ለባጃጅ የቀን ማቆሚያ ታሪፍ ሲጣልበት፣ በዚያ ላይ ተራ አስከባሪው የራሱን ሲቀበል፣ ሾፌሩ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመንገደኛውን ሒሳብ ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ፊት ለፊት የቆመው የቤት መኪና ግን በብዙ ቦታ ማንም አይነካውም። ምናልባት የባለሥልጣን ሊሆን ይችላላ! እንዲህ ነው ታሪፍ ተገልብጦ የሚሠራው። ቦታ የሚያጨናንቀው በነጻ ይቆማል፤ ሕዝብ የሚያገለግለው ይከፍላል።

*ሕግ ምን ይላል?*

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 100 ክልሎችና የፌዴራል መንግሥቱ ግብር ሲጥሉ ሊከተሉት የሚገባውን መርሕ ያስቀምጣል። በንዑስ አንቀጽ 2፣ የግብሩ መጠን ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር የተመጣጠነ መሆኑን ማረጋገጥ አለባቸው። ይህ ለግብር ነው። ግብር ደግሞ ከአገልግሎት ጋር ያለው ግንኙነት የላላ ነው፤ ዛሬ የከፈሉት ነገ ሌላ ቦታ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ለግብር እንኳ ምጥጥን የሚጠይቅ ሕግ፣ ስሙ ራሱ «የአገልግሎት ክፍያ» ለሆነው ነገር ምን ያህል አብልጦ ይጠይቅ?

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። የለንደን አካል የሆነው የባርኔት ምክር ቤት በመኖሪያ ሰፈር የማቆሚያ ፈቃድ ላይ ጭማሪ አደረገ። የዓመቱ ፈቃድ ከ40 ፓውንድ ወደ 100፣ የእንግዳ ማቆሚያ ኩፖን ከ1 ፓውንድ ወደ 4 ከፍ አለ። ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ ጉዳዩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ፍርድ ቤቱ ለነዋሪዎቹ ፈረደ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። የማቆሚያ ክፍያ እንዲጣል የሚፈቅደው የ1984ቱ ሕግ ማቆሚያን ለማስተዳደር የወጣ እንጂ ለሌላ ወጪ ገንዘብ ለመሰብሰብ የወጣ አይደለም። ምክር ቤቱ ትርፍ ለማግኘት ብሎ መጨመር አይችልም ተባለ።

ልብ ይባል፤ በባርኔት ማቆሚያው ነበር። መስመሩ ተሠምሯል፤ ምልክቱ ተተክሏል፤ ተቆጣጣሪው ይዞራል። ያም ሆኖ «ዓላማው ገቢ ነው» በመባሉ ብቻ ወደቀ። ማቆሚያው በሌለበት የሚጨመር ታሪፍ በዚያ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ምን ይመዝናል?

ወደ አገር ቤት ሲመጣም ንጽጽር አይጠፋም። አዲስ አበባ በ2013 ዓ.ም. የመስቀል አደባባይን ስታድስ ከመሬት በታች 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ሠራች። ከዚያ በፊትም በመገናኛና በወሎ ሰፈር ዘመናዊ ማቆሚያዎች ተተክለዋል። የአዲስ አበባ ታሪፍ ተወደደ፣ ረከሰ፣ አስተዳደሩ ደከመ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በየጎዳናው ያለው አሰባሰብም ከሐሜት የጸዳ አይደለም። ቢያንስ ግን የሚከራከሩበት ዕቃ አለ። መጀመሪያ ቦታው ተሠራ፤ ቀጥሎ ዋጋ ወጣለት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

*ገመዱን የያዘው ወጣት*

በዚህ ክርክር ውስጥ በቀላሉ የሚሰደበው ገመዱን የያዘው ወጣት ነው። ሾፌር ይሰድበዋል፤ ረዳት ይሰድበዋል። ግን እሱ ሕግ አላወጣም። በብዙ ከተሞች ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ይህን ሥራ የያዙት «የሥራ ዕድል ተፈጠረላችሁ» ተብለው ነው። ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቅበት እሱ ላይ ነው። መኪና ቢስት የሚገጨው እሱን ነው።

ስሕተቱ ከውሉ ይጀምራል። አንድ ማኅበር «በወር ይህን ያህል ገቢ አድርጉ፤ የተረፈው የእናንተ» ተብሎ ቢሰማራ፣ ሥራው ማቆሚያ ማስተዳደር መሆኑ ያበቃል፤ መኪና ማደን ይሆናል። ቦታ ማሳየት፣ መኪና መጠበቅ፣ ሰዓት መመዝገብ ለምን ያደክመዋል? የሚያዋጣው ገመዱን ማጥበቅ ነው። ታሪፉ ሲጨመር ደግሞ የአደኑ ዋጋ ይጨምራል። ለወጣቱ ክብር ያለው ሥራ መስጠት ከተፈለገ ማቆሚያ ይሰጠው፤ ያስተዳድር፤ መኪናውን ይጠብቅ፤ ለሠራው ይከፈለው። ገመድ ይዞ ማርጀት የሥራ ዕድል አይባልም።

*እጅ ከመውጣቱ በፊት*

የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ምክር ቤቶች የገቢ ዕቅድና ታሪፍ የሚያዩበት ጊዜ ያ ነው። ጊዜው ለገበሬውም ቢሆን ጥሩ ነው፤ አዲሱ ቡና ገና ቅርንጫፉ ላይ ነው፤ ለቀማው ሳይጀመር ነገሩን ማስተካከል ይቻላል። የማቆሚያ ታሪፍ ማሻሻያ የሚቀርብለት የምክር ቤት አባል፣ የሚዛን አማንም ይሁን የቴፒ ወይም የሌላ ከተማ፣ ከቀረበው ቁጥር በፊት እነዚህን ይጠይቅ።

አንድ፦ ማቆሚያው የት ነው? በካርታ ይታይ። ስንት ቦታ እንደሚይዝ፣ ለከባድ መኪና፣ ለአይሱዙ፣ ለባጃጅ የትኛው እንደተለየ በዝርዝር ይቅረብ። ያልተሠራ ማቆሚያ ታሪፍ አይውጣለት።

ሁለት፦ ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በመግባት? የመጀመሪያዎቹ 15 ወይም 20 ደቂቃዎች ነጻ ይሁኑ። መድኃኒት ሊገዛ የቆመና ቀኑን ሙሉ የዋለ እኩል አይክፈሉ። ሳይቆም ያለፈ ምንም አይክፈል።

ሦስት፦ ታሪፉ የት ተለጥፏል? በከተማው መግቢያና በእያንዳንዱ ማቆሚያ በትልልቅ ፊደል ይጻፍ። ሾፌሩ ዋጋውን ከወጣቱ አፍ ሳይሆን ከሰሌዳው ያንብብ። እያንዳንዱ ክፍያ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይኑረው፤ የተሻለው በቴሌብር በቀጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሒሳብ መግባቱ ነው። ሻይ ቤት ውስጥ በቴሌብር የሚከፈልበት አገር ለገመድ ብር በእጅ የሚቀበልበት ምክንያት የለም።

አራት፦ ያለፈው ዓመት ገንዘብ ምን ሠራ? ስንት ተሰበሰበ፣ ስንቱ ለማኅበሩ፣ ስንቱ ለከተማው፣ በስንቱ ምን ተሠራ? ይህ ሪፖርት በአደባባይ ሳይነበብ ጭማሪ መጠየቅ፣ የበላውን ሳያወራርድ ሌላ አበል እንደሚጠይቅ ሠራተኛ መሆን ነው።

አምስት፦ ከጭማሪው ስንቱ ወደዚያው ይመለሳል? በከተማው ዳር ጠጠር የለበሰ፣ ቦይ ያለው፣ መብራትና መጸዳጃ ያለው የጭነት መኪና ማደሪያ ቢሠራ ሾፌሩ በፈቃዱ ይከፍላል። ማታ መኪናው ውስጥ በፍርሃት ከማደር ጥበቃ ባለበት ከፍሎ ማደር ይመርጣል። ለእንደዚህ ዓይነት ቦታ ዛሬ ከሚከፈለው ሁለት እጥፍ ቢጠየቅ የሚያጉረመርም ሾፌር ጥቂት ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች የሚሊዮን ብር ፕሮጀክት አይጠይቁም። ሰሌዳ፣ ደረሰኝ፣ ጠጠርና ድፍረት ይበቃቸዋል። አምስቱንም በአጥጋቢ ሁኔታ የመለሰ ከተማ ታሪፉን ይጨምር፤ በደስታ ይጨምር። ገቢውም ያድጋል፤ መንገዱም ይተነፍሳል። ሳይመልስ የሚጨምር ከተማ ግን ታሪፍ አሻሻልኩ አይበል።

አንድ ነገር ይታከል። የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተሰልፎ ድምፅ ሲሰጥ የፈለገው አስተዳደር እንዲቀርበው ነው። አስተዳደር ቀረበ ማለት ጥያቄውን የሚሰማው ምክር ቤት በቅርብ ተገኘ ማለት ነው። ገመዱ ቀርቦ ምክር ቤቱ ከራቀ፣ የቀረበው መንግሥት ሳይሆን ኬላ ነው።

የምክር ቤቱ አባል እጁን ከማውጣቱ በፊት አንድ ቀን ጠዋት ወደ ከተማው መግቢያ ወጥቶ ይቁም። አይሱዙው ሲመጣ፣ ገመዱ ሲወጠር፣ ብሩ ሲያልፍ ይይ። ከዚያ ዞር ብሎ በከተማው ውስጥ «ይህ መኪና ቢፈልግ የት ይቆማል?» ብሎ ይፈልግ። ቦታውን ካገኘ እጁን ያውጣ። ካላገኘ ያ እጅ መጀመሪያ ገመዱን ይፍታ።